ሠላሳ ዘጠኝ ፊደላት

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዝርያዎች ሁለት ናቸው፤ ተመራማሪዎች ኤ እና ዲ ይሏቸዋል። የኤ የዘር መልእክት 3,221 ፊደል አለው፤ የዲ ደግሞ 3,182። ልዩነታቸው 39 ፊደል ብቻ ነው። አሰላ ሆስፒታል በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ከሚጠብቁ ሁለት ሕሙማን አንዱ ኤን፣ ሌላው ዲን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ከላቦራቶሪ የሚሰጣቸው ወረቀት ግን ይህን አይነግራቸውም፤ ለሁለቱም «ፖዘቲቭ» ብሎ ያልፋል። እነዚያ 39 ፊደላት የትኞቹ ፕሮቲኖች ላይ እንዳረፉ ስንከታተል ቫይረሱ የቱ ጋ ጥብቅ፣ የቱ ጋ ልል እንደሆነ እናያለን። ክትባቱ ለምን እንደሚሠራ፣ መድኃኒት ለምን አንዳንዴ እንደሚከሽፍ፣ አንድ የደም ምርመራ በአርሲ ለምትኖር ነፍሰ ጡር ምን ያህል እውነት እንደሚናገር የሚወስነው ይኸው የጥብቅና የልል ነገር ነው።

በሽታው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2016 የታተመ ሥራ (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ ሰዎች 7.4 የሚሆኑት ቫይረሱን በደማቸው ይዘው እንደሚኖሩ ገምቷል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ፣ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የጉበት ሕመም ውስጥ የዚህን ቫይረስ ድርሻ እየለዩ ያሳትሙ ነበር። የቫይረሱን ዝርያዎች የመለየቱ ሥራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ከተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች በተሰበሰበ የለጋሾች ደም ውስጥ ከአራቱ ቫይረስ ሦስቱ ያህል ኤ፣ የቀረው ዲ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ናሙናዎች አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት ከታወቁት የዲ ቅርንጫፎች ከየትኛውም ጋር ስላልገጠሙ ዲ10 የሚል አዲስ ስም ወጣላቸው። ስለዚህ ቫይረሱን ለማወቅ ከቤጂንግ ወይም ከለንደን የሚመጣውን እውቀት ብቻ መጠበቅ አይበቃንም። የእኛው ደም የራሱ የሆነ ታሪክ አለው።

የሰው ልጅ የዘር መልእክት ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ይዟል። የዚህ ቫይረስ መልእክት ከዚያ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያጥራል። የያዘው አራት ጂን ብቻ ነው፤ ፒ፣ ኤስ፣ ሲ እና ኤክስ። ፒ ብቻውን ከመልእክቱ አምስት እጅ አራቱን ያህል ይይዛል። ታዲያ የቀሩት ሦስቱ የት ገቡ? ከፒ ጋር ተደርበው ተጻፉ። ኤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፒ ውስጥ ነው ያለው። ሲ በመጨረሻው፣ ኤክስ ደግሞ በመጀመሪያው በኩል ከፒ ጋር ይጋጠማሉ።

ይህ መደራረብ እንዴት እንደሚቻል በቫይረሱ በራሱ ፊደላት ማየት ይሻላል። ሴል የዘርን መልእክት ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ያነባል፤ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል የፕሮቲን መሥሪያ ከሆኑት አሚኖ አሲዶች አንዱን ያዛል። በመልእክቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቲኤቲኤቲጂጂኤቲጂኤቲ የሚል ተከታታይ አለ። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረን ስንቆርጠው ቲኤቲ፣ ኤቲጂ፣ ጂኤቲ፣ ጂኤቲ ይሆናል። ይህ ታይሮሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ አስፓርቲክ አሲድ ማለት ነው፤ የፒ ፕሮቲን ዲኤንኤ የሚሠራበት እምብርት ይኸው ነው። አንድ ፊደል ዘልለን ብንጀምር ያው ተከታታይ ኤቲኤ፣ ቲጂጂ፣ ኤቲጂ ይሆናል። አሁን የምናነበው አይሶሉሲን፣ ትሪፕቶፋንና ሜቲዮኒን ነው፤ እነዚህም የቫይረሱ ውጫዊ ልባስ የሆነው የኤስ ፕሮቲን አካል ናቸው። እነዚያው አሥራ ሁለት ፊደላት ለሁለት ጌታ ያገለግላሉ።

ይህ የፊደላት መጋራት ያመጣው መዘዝ በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ የደረሰ ነገር ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበር፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ላሚቩዲን ነው። ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም ያግዳል፤ የሁለቱ ቫይረሶች ዲኤንኤ መሥሪያ ፕሮቲን ይመሳሰላልና። በዚያ ዘመን ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ሳይታወቅ ኪኒኑን የጀመሩ ብዙዎች ለጉበታቸው ቫይረስ በላሚቩዲን ብቻ ይታከሙ ነበር ማለት ነው። ሄፓታይተስ ቢ በላሚቩዲን ብቻ ለአምስት ዓመት ሲታከም ከአሥር ሕሙማን በሰባቱ ያህል ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል። የሚለወጠው ከላይ ያየነው ሜቲዮኒን ነው። ኤቲጂ ወደ ጂቲጂ ሲለወጥ ቫይረሱ ያመልጣል፤ በዚያው ቅጽበት የልባሱ ኤቲኤ ወደ ኤቲጂ ይለወጣል፣ ልባሱም ሳይፈልግ አንድ አሚኖ አሲድ ይቀይራል። ሌላ ማምለጫም አለ፤ ኤቲጂ ወደ ኤቲኤ። ይህኛው ግን በልባሱ በኩል ቲጂጂን ቲኤጂ ያደርገዋል። ቲኤጂ «እዚህ ላይ አቁም» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ልባሱ ሳያልቅ ይቋረጣል። ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ወደ ሕክምናው ሲገባ ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው ትልቅ እፎይታ የሆነው ቫይረሱ እርሱን የሚለምደው እጅግ አልፎ አልፎ በመሆኑ ነው።

ወደ 39ኙ ፊደላት እንመለስ። 33ቱ ኤ ላይ ኖረው ዲ ላይ የጎደሉት በአንድ ቦታ ነው፤ ፕሪኤስ1 በተባለው የልባሱ ክፍል መነሻ። ስለዚህ የኤ ፕሪኤስ1 119 አሚኖ አሲድ ሲኖረው የዲ 108 ብቻ ነው። የቀሩት ስድስት ፊደላት ኤ ላይ ብቻ በሲ ጂን መጨረሻ አካባቢ ይገኛሉ፤ በዚህ የተነሳ የኤ ሲ ፕሮቲን 185፣ የዲ 183 አሚኖ አሲድ አለው። ሁለቱም ቦታዎች ፒ ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ የኤ ፒ ፕሮቲን 845፣ የዲ 832 ሆነ። ልዩነቱ 13 ነው፤ 39 ለሦስት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር። ዲ 33 ፊደል አጥቶ እንኳ በሚሊዮኖች ጉበት ውስጥ በደህና ይኖራል። ታዲያ ያ ቦታ እንዲህ ያለ መጉደል እንዴት ቻለ?

መልሱ ያለው በፒ አሠራር ላይ ነው። ፒ አራት ክፍል አለው። የፊተኛው ጫፍ ዲኤንኤ መሥራቱን ያስጀምራል። ብዙ ፍጥረታት ዲኤንኤ ለመጀመር ቁራጭ አርኤንኤ ይፈልጋሉ፤ ይህ ቫይረስ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ፕሮቲን ላይ ባለ አንድ ታይሮሲን ላይ ይተክላታል። ሦስተኛው ክፍል አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ነው። ጄሲ ሰመርስና ዊልያም ሜሰን በ1982 በዳክዬ ላይ በሚኖር የዚህ ቫይረስ ዘመድ ይህን ሲያሳዩ ነገሩ አስደናቂ ነበር፤ ዲኤንኤ ይዞ የሚጓዝ ቫይረስ በአርኤንኤ በኩል ዞሮ እንደሚባዛ ያየ ሰው አልነበረምና። አራተኛው ያገለገለውን አርኤንኤ ይበላል። በፊተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ሁለተኛው ክፍል ለፒ ከማገናኘት ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም፤ ቢያጥርም ቢረዝምም ፒ ይሠራል። ፕሪኤስ1 የተጻፈው በትክክል በዚህ ልል ክፍል ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት የጎደሉትም እዚያው ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ ከዝግመተ ለውጡ ታሪክ ጋርም ይገጥማል። በ2017 የታተመ ሥራ በዓሣዎች ውስጥ የሚኖሩ፣ የሄፓታይተስ ቢ የሩቅ ዘመዶች የሆኑ ቫይረሶችን ገለጠ። እነዚህ ፒ እና ሲ አላቸው፤ ልባስ ግን የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ቤተሰቦች የተለያዩት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ አሰሉ። ጥንታዊው ፒ ነው ማለት ነው። ኤስ በኋላ፣ በቆየው የፒ መልእክት ላይ፣ በሌላ አቆራረጥ፣ አዲስ ሆኖ የበቀለ ጂን ነው። ልባሱ ከሌላ ፍጥረት አልተወሰደም፤ ከቫይረሱ ከራሱ ፊደላት ወጣ። ኤክስም እንዲሁ ዘግይቶ የመጣ ይመስላል። ከአእዋፍ ዘር ውስጥ ተቀብረው የተገኙ የቫይረሱ ቅሪቶች በ2013 ሲጠኑ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ተሰጣቸው፤ በአጥቢዎቹ ቫይረሶች ላይ የምናውቀው ኤክስ ግን በእነዚያ ላይ አልታየም። ከሰው ጋር ያለው ትውውቅም ረጅም ነው፤ በ2021 ከጥንት አጽሞች የተነበቡ 137 የቫይረስ መልእክቶች እስከ 10,500 ዓመት ወደ ኋላ ይደርሳሉ።

ኤስ ዘግይቶ ቢመጣም ዛሬ የቫይረሱ ዕጣ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ልባሱ በሦስት ርዝመት ይሠራል፤ ሦስቱም መጨረሻቸው አንድ ነው፣ እርሱም 226 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሹ ኤስ። ረጅሙ በዚህ ላይ ፕሪኤስ2 እና ፕሪኤስ1ን ይጨምራል። ቫይረሱ የጉበትን ሴል ለይቶ የሚይዘው በፕሪኤስ1 ነው። ምን እንደሚይዝ ለማወቅ ዓለም ብዙ ዓመት ፈልጓል። በ2012 በቤጂንግ የዌንሁዪ ሊ ቡድን አገኘው፤ የሐሞት ጨው ወደ ጉበት የሚያስገባ ኤንቲሲፒ የተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሪኤስ1ን አስመስሎ የተሠራ ቡሌቨርታይድ የተባለ መድኃኒት ይህንኑ በር ቀድሞ ይዞ ቫይረሱን ውጪ ያስቀረዋል፤ በ2020 በአውሮፓ ተፈቅዷል። እዚህ ላይ መለየት ያለብን ነገር አለ። ዲ ላይ የጎደሉት 11 አሚኖ አሲዶች የፕሪኤስ1 መነሻ ጫፍ ናቸው፤ በሩን የሚይዘው ክፍል ግን በሁለቱም ዝርያዎች ሙሉ ነው። ስለዚህ በዚያው በልሉ ቦታ ውስጥ እንኳ ቫይረሱ የማይነካው አለ።

ትንሹ ኤስ ብዙ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ እጅግ ብዙ። በሕመምተኛ ደም ውስጥ ምንም ዘር ያልያዙ 22 ናኖሜትር የሆኑ የኤስ ድብልብሎች ከእውነተኛው 42 ናኖሜትር ቫይረስ ከሺህ እስከ መቶ ሺህ እጥፍ ይበዛሉ። ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ በ1965 ያሳወቁት፣ በኋላም የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ይኸው ነበር። የአንድ ጣት ጠብታ ደም በጤና ጣቢያ ደረጃ ለምርመራ የሚበቃው ድብልብሎቹ እንዲህ በመብዛታቸው ነው።

ክትባቱም ከዚሁ ተሠራ። ከ1986 ጀምሮ በእርሾ የሚመረተው ትንሹ ኤስ ነው። ኢትዮጵያ በአምስት በሽታ መከላከያ ክትባት ውስጥ አድርጋ በ1999 ዓ.ም. አስገባችው፤ ሕፃናቱ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንታቸው ይወስዱታል። ሰውነት ኤስን የሚለይበት ዋና ቦታ ከ124ኛው እስከ 147ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ነው። በሁሉም ዝርያዎች የሚመሳሰል በመሆኑ ከአንድ ዝርያ የተሠራ ክትባት አርሲ ያለውን ኤንም ዲንም ይከላከላል። ቫይረሱ ግን ይሳሳታል፤ ሲገለብጥ ስህተቱን የሚያርም መሣሪያ የለውም፤ ሕክምና በሌለው ሰው ውስጥ ደግሞ በቀን እስከ መቶ ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ቅጂ ሊሠራ ይችላል። በ1990 ከጣሊያን እንደተዘገበው፣ ከተሸካሚ እናት ተወልዶ የተከተበ ሕፃን ታመመ፤ በቫይረሱ 145ኛ ቦታ ላይ ግላይሲን በአርጂኒን ተተክቶ ነበር። ያኔ ክትባቱ ሊሻር ነው የሚል ስጋት ነበር።

የአርሲ ገበሬ እንዲህ ያለውን ስጋት በስንዴው ያውቀዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ሲያጠፋ ብዙዎች ወደ ዲጋሉ ዞሩ። ዲጋሉ ያን ዋግ ቻለ። በ2013 መጨረሻ ግን በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣበትና ወደቀ፤ ከግንድ ዋግ ይጠብቀው የነበረው መከላከያ በአንድ ጂን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማእከል ተመራማሪዎች ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ያለ ዕረፍት አዲስ ዝርያ የሚያወጡት ለዚህ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ግን ከአርባ ዓመት በኋላም ያው ነው፤ ሊቀየር አላስፈለገም። ታይዋን በ1984 ለአራስ ሕፃናት መስጠት ከጀመረች ወዲህ ከልጆቿ አሥር በመቶ ያህሉን ይይዝ የነበረው ቫይረስ ከአንድ በመቶ በታች ወርዷል፤ 145ኛው ላይ የተለወጠውም ዓለምን አላጥለቀለቀም። ዋግ ተክሉ የሚያውቅበትን ፕሮቲን ሲለውጥ ወይም ሲጥል ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ዋጋ ትንሽ ነው። ኤስ ግን ያን ቦታ የሚጋራው ከፒ ጋር ነው፤ ያውም ከልሉ ክፍል ጋር ሳይሆን ዲኤንኤ ከሚሠራው ክፍል ጋር። 145ኛው በአርጂኒን ሲተካ በፒ በኩል 153ኛው አሚኖ አሲድ አብሮ ሊለወጥ ግድ ነው፤ ከክትባት የሚሸሸው ቫይረስ መባዣውን ይነካል። ቫይረሱን በቁጠባው ያጠነከረው መደራረብ ለእኛ ክትባት ዘብ ሆኖ የቆመ ይመስለኛል።

ስለ ሲ እና ኤክስ ባጭሩ። ሲ ዘሩን የሚጠቀልል ቅርፊት ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 240 ቅጂ ተጋጥመው። እስከ 149ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ይገጣጠማል፤ በአርጂኒን የተሞላው ጅራቱ ዘሩን ይይዛል፤ የኤ ሁለት ትርፍ አሚኖ አሲዶች የሚያርፉት በዚህ ጅራት ላይ ነው። ኤክስ 154 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። የሰው ሴል የውጪ ዲኤንኤን የሚያፍንበት ኤስኤምሲ5/6 የተባለ የፕሮቲን ስብስብ አለው፤ ኤክስ ይህን ስብስብ እንዲበላሽ እንደሚያደርግ በ2016 ታወቀ። ያለ ኤክስ የቫይረሱ ክብ ዲኤንኤ በሴሉ አስኳል ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። ቴኖፎቪር ይህን ክብ ዲኤንኤ አይነካም፤ ኪኒኑ ለዓመታት የሚዋጠውም ለዚህ ነው።

ከሲ ቀደም ብሎ አጭር ተጨማሪ ቁራጭ አለ። መነበብ ከዚያ ሲጀምር ቅርፊት አይሠራም፤ ኢ አንቲጅን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይወጣል። ሥራው የሰውነትን መከላከያ ማዘናጋት እንደሆነ ይታመናል። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት እንደ ምልክት ተጠቅመውበታል፤ ኢ ካለ ቫይረሱ እየተባዛ ነው፣ ከጠፋ ግን ቀንሷል ይባላል። እዚህ ላይ ኤ እና ዲ ይለያያሉ፤ ከርዝመታቸው በማይታይ፣ በአንዲት ፊደል። በ1896ኛው ቦታ ያለው ጂ ወደ ኤ ሲለወጥ የቁራጩ ቲጂጂ ቲኤጂ ይሆንና ኢ አይሠራም፤ ቫይረሱ ግን መባዛቱን አያቆምም። ይህች ፊደል ሌላም ሥራ አላት፤ አርኤንኤው ታጥፎ ወደ ቅርፊቱ ለመግባት በሚሠራው ቅርጽ ውስጥ ከ1858ኛዋ ፊደል ጋር ትጣመራለች። ዲ በዚያ ቦታ ቲ አለው፤ ከአዲሷ ኤ ጋር በደንብ ይጣመራል። ስለዚህ ለውጡ በዲ የተለመደ ነው። የኤ ዝርያ ግን በዚያ ቦታ ሲ የሚባለው ፊደል አለው፤ ሲ ከኤ ፊደል ጋር አይገጥምም፣ ቅርጹ ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ኤ ሌላ መንገድ ይከተላል። በአፍሪካ የሚገኘው ንዑስ ዝርያው ኤ1 ከኢ መነሻ ፊት ያሉትን ከ1809ኛው እስከ 1812ኛው ያሉ ፊደላት ይለውጣል፣ አልያም 1862ኛውን፤ ወይም 1762ኛውንና 1764ኛውን ለውጦ የኢን መመረት ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በኤክስ ላይ ያረፉ ናቸው፤ ኢን ሲቀንሱ በዚያው የኤክስን ሁለት አሚኖ አሲዶች ይቀይራሉ።

በሁለቱም ዝርያዎች፣ በየራሳቸው መንገድ፣ ቫይረሱ እያለ ኢ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የጀመረው የሕክምና መርሐ ግብር፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ፣ የሕሙማኑን መረጃ ሲተነትን የዚያን ጊዜው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን እንደሚያልፋቸው አሳየ፤ ግኝቱ በ2019 ታተመ። በሌላ አህጉር ሕሙማን ልክ የተሰፋ መመዘኛ ለእኛ ሕሙማን ሳይበቃ መቅረቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ሊያሳስበን ግን ይገባል።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚነካው እናቶችን ነው። በልደት አካባቢ የተያዘ ሕፃን ከአሥር ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ይሆናል፤ አዋቂ ከተያዘ ግን ከሃያ አንድም ላይደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። በስድስት ሳምንት የሚጀምረው የ1999 ዓ.ም. መርሐ ግብር ይህን ክፍተት አልሸፈነም ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች በቤቷ ለምትወልድ ሴት ክፍተቱ ከዚያም ይሰፋል። በ2020 የወጣው መመሪያ የቫይረሱ ብዛት በሚለካበት ቦታ ብዛቱ ታይቶ፣ በማይለካበት ደግሞ ኢ አንቲጅን ታይቶ፣ ብዙ ቫይረስ ላለባት እናት በእርግዝናዋ ቴኖፎቪር እንዲሰጣት አለ። የብዛት መለኪያው ውድ ነው፤ ስለዚህ በገጠር የሚቀረው ኢ ነው። ኢ ደግሞ 1809ኛው ወይም 1896ኛው ፊደል በተለወጠባት እናት ደም ውስጥ አይታይም፤ ቫይረሱ ብዙ ቢሆን እንኳ። የ2024ቱ መመሪያ ሁለቱም ምርመራዎች በሌሉበት ቦታ በጠብታ ደም ፖዘቲቭ ለሆነች ነፍሰ ጡር ሁሉ ቴኖፎቪር ሊሰጥ ይችላል ይላል። በአሰላ፣ በቦቆጂ፣ በሳጉሬ የቅድመ ወሊድ ክፍል የምትቀመጥ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ይህን ኪኒን ማግኘት ያለባት ኢ ሳይጠበቅ ነው።